የልቡ ምት ሲቀንስ ደስ ብሎኝ ነበር

በ2011 ዓ.ም. የመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። ብስክሌት የማሰለጥነው ልጅ አጠገቤ ደርሶ ቆመና የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። ጥር ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ልቡ በደቂቃ 152 ጊዜ ይመታ ነበር። አሁን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት 144 ሆኗል። ደስ አለኝ። «ልብህ ጠንክሯል ማለት ነው፣ በርታ» አልኩት።

«እሱስ ይሁን ጋሼ፣ እግሬ ነው አልታዘዝ ያለኝ» አለ።

ቁጥሩን ሰማሁ፤ ልጁን አልሰማሁትም። ከልክ በላይ ሠርቶ ዝሎ ነበር፤ ወደ ቀድሞ አቅሙ የተመለሰው ሰኔ ላይ ነው። ይህን ጉዳይ ከማስታወሻ ደብተሬ አውጥቼ የምጽፈው ለዚህ ነው። ብስክሌት የሚነዱም፣ የሚያሰለጥኑም ብዙ ልጆች እዚያው ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ አያለሁ። ልጁ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

ልጁና ሥራው

ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ደምበጫ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ባሕር ዳር የመጣው ለትምህርት ነበር፣ ኋላ ሳይክል ጥገና ቤት ገባ። ባሕር ዳርን ለሚያውቅ ይህ አይገርመውም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል ይሄዳል፤ የጥገና ሥራ አይጠፋም። ያገለገለ የእሽቅድምድም ብስክሌት በርካሽ ገዝቶ፣ ማርሹንም ካቴናውንም ራሱ አስተካክሎ መንዳት ጀመረ። ጎበዝ ነበር። ጎማ ሲለጥፍ እንኳ ስለ ዳገት ነው የሚያወራው።

እኔ ቀን አስተምራለሁ፤ ንጋት ላይ አራት አምስት ልጆች አሰለጥናለሁ። ዕቃችን ጥቂት ነው። ደረት ላይ የሚታሰር አንድ የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ በተራ እንጠቀማለን። ኃይል በዋት የሚለካው መሣሪያ ዋጋው ከብስክሌቱ ይበልጣል፣ ስለዚህ የለንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱም ሙቀቱም ሳይመጣ፣ በመራዊ መንገድ ላይ የለካናትን 10 ኪሎ ሜትር ባለ በሌለ አቅማቸው ይነዳሉ። ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ የወሰደውን ጊዜ፣ የልቡን አማካይ ምት፣ እና ልጁ ራሱ ከ1 እስከ 10 የሚሰጠውን የክብደት ቁጥር። 1 ማለት እንደ ሽርሽር፣ 10 ማለት ከዚህ በላይ አልችልም።

በጥር መጨረሻ የዚህ ልጅ ውጤት 16 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፣ የልብ ምት 178፣ ክብደት 9 ነበር። የሰውነቱ ክብደት 61 ኪሎ። በሳምንት 9 ሰዓት ያህል ይነዳ ነበር።

ጥር ላይ እንዴት እንደሚደክመውም መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ የመጣውን ከምን ጋር እንደማወዳድር እንዲታወቅ። አንድ ቅዳሜ ዳንግላ ደርሶ ተመለሰ፤ ደርሶ መልሱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ተኛ። ሰኞ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲፈታ ጭኑን እያሻሸ ነበር። የእንጀራው ነገር አይነሣ፤ እናቱ ብታየው «ማን አስርቦ አቆየው» ትል ነበር። ማክሰኞም እግሩ ከባድ ነው። ረቡዕ ንጋት ግን ገና ከቤት ሲወጣ እያፏጨ ነው። ፔዳሉን ሲጫነው ልቡ ወዲያው ይከተለዋል፣ 170፣ 180 ይገባል። ጤነኛ ድካም ይሄ ነው። ያማል፣ ይከብዳል፣ ግን ያስበላል፣ ያስተኛል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ጭን መቁሰሉ ብቻውን ምንም ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ያለዚህ ድካም ማንም አይጠነክርም።

የተደራረበው ነገር

በግንቦት ማብቂያ አንድ ውድድር ነበረ። ልጁ ለዚያ ቆረጠ። ስልኩ ላይ የታላላቅ ብስክሌተኞችን የሥልጠና ሰዓት ያነብ ነበር። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ ልጆቻችን ሁሉ ሕልም አላቸው፤ ደስ የሚል ሕልም ነው። ችግሩ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ መውሰድ ነው። ፕሮፌሽናሉ በሳምንት ከ20 እስከ 30 ሰዓት ሲነዳ የቀረውን ጊዜ ይተኛል፣ ይታሻል፣ ይበላል። በታላላቆቹ ውድድሮች በቀን ከ5,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይመገባሉ። የእኛ ልጅ ከብስክሌቱ ወርዶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት ቆሞ ሳይክል ይጠግናል።

የካቲት ላይ 9 ሰዓቱ 12 ሆነ። መጋቢት ላይ 15። እኔም አልከለከልኩትም፤ ጉጉቱ አስደስቶኝ ነበር። በደብተሬ የምጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። የነዳበትን ደቂቃ በክብደት ቁጥሩ ማባዛት ነው። ጥር ላይ 540 ደቂቃ በ5 ሲባዛ 2,700 ይመጣል። መጋቢት ላይ 900 ደቂቃ በ6፣ 5,400። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሸክሙ እጥፍ ሆኗል። ይባስ ብሎ ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰኞም ሁለት ሰዓት በ6፣ ማክሰኞም ሁለት ሰዓት በ6። ቀላል ቀን የለም። ጠቅላላው ሸክም እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከባድና ቀላል ቀን ካልተፈራረቀ ሰውነት ቶሎ ይዝላል። ይህን ስሌት አውቀዋለሁ። የሠራሁት ግን ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሰኞ የካቲት 25 ዐቢይ ጾም ገባ። ልጁ ጾሙን አጥብቆ ይይዛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ በባዶ ሆዱ ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ ሥራ ገብቶ፣ 9 ሰዓት ላይ ሽሮ በእንጀራ ይበላል። ማታ 2 ሰዓት አንዴ ይደግማል። ከጾሙ በፊት በቀን አራቴ ነበር የሚበላው። ሁለት ሰዓት ጠንከር ያለ ንዳት ብቻውን ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይፈጃል። በሁለት ማዕድ ያን መሙላት ከባድ ነው። ክብደቱ መቀነስ ሲጀምር እንኳ «ለዳገት ቀለል አልኩ» ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

እንግዲህ ያ የ144 ቅዳሜ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሳምንቱን ጠብቀን መጋቢት 14 የ10 ኪሎ ሜትሩን ፈተና ነዳ። 17 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። የልብ ምት 165። ክብደት 10። ሲጨርስ መሪው ላይ ተደፋ። አልተናገረም፣ አልተሳደበም። ቀና ሲል ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ያኔ ነው የገባኝ።

የልብ ምትን ብቻውን ማንበብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ይህ ነውና።

ሰው ሲጠነክር በተመሳሳይ ፍጥነት የልብ ምቱ ይቀንሳል። የደም መጠኑ ይጨምራል፣ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ትገፋለች። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ የሠራ ሰውም ምቱ ይቀንሳል። ሰውነት አድሬናሊንን የሚያመነጭበትም ለአድሬናሊን ጥሪ የሚመልስበትም መንገድ ይደክማል ተብሎ ይታመናል። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ሲሟጠጥም እግር ይከብዳል፣ ልብም ወደ ላይኛው ምት አትደርስም። ሁለቱም ሰዎች መለኪያው ላይ 144 ያሳያሉ።

ልዩነቱን የሚናገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ልጁ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው። የጠነከረ ሰው ምቱ ሲቀንስ ክብደቱም ይቀንስለታል፤ 5 የነበረው 4 ይሆናል። የዛለው ግን ምቱ እየቀነሰ ክብደቱ ይጨምርበታል። ደብተሬን መልሼ ሳየው በዚያ ቅዳሜ ልጁ ለዚያች ለዝግታዋ ንዳት 7 ሰጥቶ ነበር። ጥር ላይ ለዚያው 4 ነበር የሚሰጠው። ጽፌዋለሁ፣ አላየሁትም። ሁለተኛው ደግሞ በሙሉ አቅም ሲነዳ ልቡ መውጣት መቻሉ ነው። ጥር ላይ 178፣ አሁን 165። ጉልበት እያለ አልከተል ያለች ልብ የጥንካሬ ምልክት አይደለችም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌላ ምልክት አለ። ጠዋት አልጋ ላይ የሚለካው ምት በ10 ከጨመረ ሰውየው ከልክ አልፏል ይባላል። የዚህ ልጅ የጠዋት ምት ጥር ላይም መጋቢት ላይም ከ47 እስከ 50 ነበር። ንቅንቅ አላለም። የጠዋቱ ምት መጨመር ትኩሳት ወይም ጉንፋን እየመጣ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ አለመጨመሩ ግን ደህንነትን አያረጋግጥም። በዚህ ብቻ ብንሄድ ልጁ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ለነገሩ መለኪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ቀበቶውን በማግስቱ ለሌላ ልጅ አሰርኩት። ደህና ይሠራል።

ሦስት ቀን ዕረፍትና ከዚያ በኋላ

ከመጋቢት 15 እስከ 17 ሦስት ቀን አሳረፍኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ተራ ድካም ከሆነ እንደ ጥር ወሩ በሦስት ቀን ይለቃል። ረቡዕ መጋቢት 18 ለአርባ ደቂቃ በዝግታ አወጣሁት። ቤዛዊት ዳገት ሥር ስንደርስ ወረደና መግፋት ጀመረ። በጥር ያን ዳገት እየዘፈነ የሚወጣ ልጅ ነው።

ዕረፍቱ ምንም አልመለሰለትም። የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። ድካምን የሚለየው ትልቁ ፈተና መጠኑ አይደለም። ለዕረፍት የሚሰጠው መልስ ነው።

የዚያን ዕለት ሣር ላይ ተቀምጠን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አወራን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነቃል፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሥራ ቦታ ደንበኛ ላይ ጮኋል፤ እሱ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነው። ሙዱ ጠፍቷል። ብስክሌቱን ሲያየው እንደሚያስጠላው ነገረኝ። 9 ሰዓት ደርሶ ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ ምግቡ አይወርድለትም። በመጨረሻ ወንድ ለወንድ ስናወራ፣ ጠዋት ሲነቃ እንደ ወትሮው ወንድነቱ መነሣት ካቆመ ሳምንታት መሆኑን አፍሮ ነገረኝ። አሰልጣኞች ይህን መጠየቅ እናፍራለን። ግን ሰውነት ምግብ ሲያጥረው ከሚቆጥባቸው ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ከመራባት ጋር የተያያዙት ሆርሞኖች ናቸው። ሴት ብትሆን የወር አበባዋ ይዛባ ወይም ይቀር ነበር። ምልክቱ ትልቅ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ እኔ ሳላውቅ ብቻውን አንድ ክሊኒክ ሄደ። ከጣቱ ደም ወሰዱና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አሉት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ይዞ ተመለሰ። የደከመው ሰው ሁሉ በየክሊኒኩ ታይፎይድ ተብሎ የሚመለስበት አገር ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለዚህ የሚሠራው ዊዳል የተባለው ምርመራ ብቻውን የሚታመን አይደለም። ድሮ የያዘህ፣ ወይም ሌላ ተሕዋስ የቀሰቀሰው መከላከያም ውጤቱን ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ልጁ አንድም ቀን አላተኮሰውም። መድኃኒቱም ለስፖርተኛ ቀላል አይደለም፤ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ጅማት ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ ይችላሉ። ዓርብ ማታ ሲደውልልኝ ሐኪም ሳያይህ አትጀምረው ብዬ ለመንኩት።

ሰኞ አብሬው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ በጥሞና ሰማን፣ መድኃኒቱንም አስቆመው። ከልክ ያለፈ ሥልጠና የሚባለው ነገር አንድ የደም ምርመራ የለውም። የሚታወቀው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው። በእኛ አካባቢ የሚጣራውም ብዙ ነው። ወባ ታየ፣ የለም። ባሕር ዳር ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፣ ልጁም ዓባይ ውስጥ ይዋኛል፤ ሰገራው ተመረመረ፣ ነጻ ነው። ደም የሚመጥ የመንጠቆ ትልም የለም። የእንቅርት ዕጢውም ስኳሩም ደህና። ሄሞግሎቢኑ 14.2፣ የደም ማነስ የለበትም። አንድ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ተገኘ፦ የብረት ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን 18 ነበር። ክብደቱም 57 ኪሎ ተኩል። ከጥር ወዲህ ሦስት ኪሎ ተኩል ወርዷል።

የብረቱን ነገር ሰምተን «ተገኘ!» ልንል ነበር። ሐኪሙ ግን አረጋጋን። ክምችቱ ቢጎድልም ሄሞግሎቢኑ ገና አልወረደም። የእንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ የልቡን አለመውጣት ሁሉ ብረት ብቻውን አያብራራውም። የብረት እንክብል አዘዘለት፣ የሚያክመው ግን አንድ ጥግ ብቻ መሆኑን ነገረን። ሳይለካ ብረት የሚወስድ ልጅ ካለ ይህን አይከተል፤ ብረት ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

ስሙ ማን ነው?

በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በጋራ ባወጡት ሰነድ ድካም በሦስት ደረጃ ተከፍሏል። የመጀመሪያው ታስቦበት የሚመጣ ነው። ጠንከር ያለ ሳምንት ይሠራል፣ አቅም ትንሽ ይወርዳል፣ ከቀናት ዕረፍት በኋላ ከነበረው ከፍ ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ጥቅም የሌለው ነው። አቅም ይወርዳል፣ ለመመለስ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል፣ ሲመለስም እዚያው ነው። ሦስተኛው ዋናው ከልክ ያለፈ ሥልጠና፣ ኦቨርትሬኒንግ የሚባለው ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የስፖርት ሕይወቱ እዚያ የሚያከትምም አለ።

እኛ ሰፈር ሁለት ቀን እግሩ የከበደው ሁሉ «ኦቨርትሬይን ሆንኩ» ይላል። ቃሉ ረክሷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሲያዩዋቸው አይለዩም። የሚለያቸው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ማንም የልጁን ሁኔታ በስሙ ሊጠራው አይችልም ነበር።

ሌላም መደራረብ አለ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፖርት ውስጥ ስላለ አንጻራዊ የኃይል እጥረት ያስጠነቅቃል። የሚበላው ለሥልጠናው ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት ሌላውን ሥራውን ይቀንሳል። ብዙዎቹ ምልክቶቹ ከኦቨርትሬኒንግ ጋር አንድ ናቸው፦ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ የወንድነት መቀዝቀዝ፣ የአቅም መውረድ። በዚህ ልጅ ላይ የትኛው ድርሻ የሥልጠናው፣ የትኛው የምግቡ እንደሆነ ልለይ አልችልም። ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ነው የመጡት። የእኔ ፍርድ ግን ሸክሙ እጥፍ ባይሆን ጾሙን ይችለው ነበር፣ ጾሙ ባይኖር ሸክሙ በሁለት ሳምንት ዕረፍት ይለቀው ነበር የሚል ነው።

በዚያው ሳምንት አባቱ ለጉዳይ ባሕር ዳር መጡ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ የልብ ምቱን፣ ፌሪቲኑን። ዝም ብለው ሰሙኝና «አባቴ፣ የደከመ በሬ ቀንበሩ ሲወርድለት ይግጣል» አሉኝ። «ድርቆሽ እያየ የሚቆም በሬ ግን ደክሞት አይደለም። እሱን በማግስቱ አንጠምደውም።» ከዚያ ልጃቸውን አዩትና «ይኼ እኮ አይበላም» አሉ። እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን እሳቸው በአንድ ምሳ አዩት።

አመላለሱ

ከመጋቢት 22 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ብስክሌት የሚባል ነገር አልነካም። ለሥራ ከሚጠግነው በቀር። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር በእግሩ ይሄዳል። አሠሪው መልካም ሰው ነበር፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት እንዲያርፍ ፈቀደለት።

የጾሙ ጉዳይ ስስ ነበር። «ጹም፣ አትጹም» የሚለው የአሰልጣኝ ሥልጣን አይደለም። የንስሐ አባቱ ዘንድ እንዲሄድ ነገርኩት። ሄደ። ታመሃልና ከጥሉላት እንደተከለከልህ በጊዜ ብላ አሉት። ይህ ፈቃድ ከእሳቸው መምጣቱ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ከእኔ ቢመጣ ኖሮ እየበላ ይጸጸት ነበር።

የጾም ምግብ ለብስክሌተኛ አይሆንም የሚል አለ። ይሆናል። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት የሚነዳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ360 እስከ 480 ግራም። እንጀራ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝና በሶ ይህን ይሞላሉ። ለፕሮቲኑ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ለውዝ። የጎደለው ዓይነቱ አልነበረም። መጠኑና ሰዓቱ ነበር። ስለዚህ ጠዋት በሶ በስኳር በጥብጦ ይጠጣ ጀመር። 4 ሰዓት ላይ ድንች ቅቅልና ዳቦ። ቀትር ላይ ምስር በእንጀራ፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም ያለበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ከምግቡ አራቅን፣ ብረት ይይዛሉና። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እያስገደደ ነበር የሚበላው። በስምንተኛው ቀን ደወለልኝና «ጋሼ ራበኝ» አለ። ከዚያ በፊት ከማንም ሰው እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም። እንቅልፉም በዚያው ሳምንት ተመለሰ።

ሚያዝያ ላይ በአንድ ቀን ልዩነት ለሠላሳ፣ ለአርባ ደቂቃ እንዲነዳ ፈቀድኩ። ፈተና የለም፣ ቀበቶም የለም። ጓደኞቹ ሲያልፉት እንዳይከተላቸው ብቻ ነበር ሕጉ። አንድ ቀን ተከትሏቸዋል። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ሲመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ ነበር።

ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። ሚያዝያ 26 ቅዳሜ ፈተናውን ነዳ። 17 ደቂቃ ከ20፣ ምት 172፣ ክብደት 9። እኔን ያስደሰተኝ 172 ነበር፤ ልቡ መውጣት ጀምሯል። እሱ ግን ሰዓቱን አይቶ ከፋው። ውድድሩ በግንቦት መጨረሻ ነው፣ ልግባ ብሎ ተማጸነኝ። እምቢ አልኩ። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ያ ከባድ ነበር፤ የዓመቱን ሕልሙን ነው የከለከልኩት።

ግንቦትን በሳምንት ከ5 እስከ 8 ሰዓት እየነዳ ጨረሰ። ከባድ ቀን በሳምንት አንድ ብቻ፣ ማግሥቱ ሁልጊዜ ቀላል። ሰኔ 8 ቅዳሜ፣ ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ገና እርጥብ ሳለ፣ 16 ደቂቃ ከ55 ነዳ። ምት 178፣ ክብደት 9። ከመጋቢት 14 እስከዚያ ቀን ልክ 12 ሳምንት ነው። ወደነበረበት ተመለሰ፤ ከነበረበት አልበለጠም። ስሙን አሁን መጥራት ይቻላል፦ ሁለተኛው ደረጃ ነው፣ ጥቅም የሌለው። ነሐሴ ላይ ፌሪቲኑ ሲለካ 41 ደርሷል። ልብ በሉ፣ አቅሙ ከብረቱ ቀድሞ ነው የተመለሰው።

ከዚያ ወዲህ በደብተሬ የዓምዶቹን ቅደም ተከተል ቀየርኩ። መጀመሪያ ልጁ ራሱ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። ከዚያ እንዴት እንደተኛና ምን እንደበላ እጠይቃለሁ። የልብ ምቱን ከሰዓቱ ላይ የማነበው በመጨረሻ ነው።